ሙት ማንሣትና ስም ማውጣት

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለኖርን ብዙም አንመረምረውም። ለቅሶ ቤት እንሰማዋለን፤ ምርቃት ላይ እንሰማዋለን፤ በአማርኛ ፈተና ላይም «አብራራ» ተብሎ መጥቶብን ያውቃል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን አባባሉ ሁለት ጥያቄዎችን በሆዱ ይዟል። አንደኛው፦ ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም ከሆነ፣ ሰውየው ራሱ ከመቃብር በታች መቅረቱ ግድ ነውን? ሁለተኛው፦ ከላይ የሚውለውስ ስም የትኛው ነው? እናት ያወጣችው ነው ወይስ ጎረቤት የለጠፈው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ አስረን ለማየት እንሞክራለን። አንድ ላይ መታሰራቸው ሊያስገርም ይችላል፤ ምክንያቱን ግን እየቆየን እንገልጸዋለን።

መነሻችን የመኝታ ቤት ክርክር ነው፤ አናፍርበትም። ከገሱባም እንምጣ ከሶዶ፣ ከቦዲቲም ሆነ ከአረካ፣ ብዙዎቻችን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየገለበጥን አይተነዋል። ከጆርጅ አር. አር. ማርቲን መጻሕፍት ተቀድቶ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በ8 ምዕራፍ፣ በ73 ክፍል የቀረበ የምናብ ዓለም ታሪክ ነው። ዘንዶ አለበት፤ አስማተኛ አለበት፤ ከበረዶ ውስጥ የሚነሣ ሬሳም አለበት። ዓለምን ይዞ ያስቀመጠው ግን ዘንዶው አይመስለንም፤ ሞቱ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ዘጠነኛ ክፍል ላይ፣ ዋናው ጀግና ይሄ ነው ብለን የያዝነው ኔድ ስታርክ አንገቱ ተቀላ። ጠበቅን፤ አልተመለሰም። ያን ጊዜ ተመልካች ሁሉ አንድ ነገር ተማረ፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሞተ ሞቷል። ከዚያ ወዲያ ለሌሎቹ ስንፈራ ከልባችን ፈራን፤ ስንወዳቸውም ነገ ሊሄዱ እንደሚችሉ እያወቅን ወደድናቸው።

በአምስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015፣ የኔድ ልጅ እየተባለ ያደገው ጆን ስኖው በገዛ ጓዶቹ ጩቤ ተወግቶ በረዶ ላይ ወደቀ። ዓመቱን ሙሉ «ሞቷል፣ አልሞተም» ስንባባል ከረምን። ተዋናዩ ኪት ሃሪንግተን ሳይቀር አይመለስም እያለ ሲናገር ከረመ። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወር ሜሊሳንድሬ የተባለችው ቀይ ለባሽ አስማተኛ ሬሳውን አጥባ፣ ጸልያ፣ ተስፋ ቆርጣ ስትወጣ ጆን አይኑን ገለጠ። እሰይ ያለም ነበር፤ «አበላሹት» ያለም ነበር። እንግዲህ ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል።

«አበላሹት» የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ደራሲ አንድን ሰው ሲገድል ከእኛ ጋር ውል ይዋዋላል፤ «ይህን ሐዘን ስጡኝ፣ በከንቱ አላባክነውም» ይለናል። እኛም ሐዘናችንን እንሰጠዋለን። ቆይቶ ሬሳውን አንሥቶ «ይኸው ተነሣ» ሲለን የሰጠነው ሐዘን የት ገባ? ለቅሶ ደርሰህ፣ ድንኳን ተክለህ፣ የእድር ሰሃን አጥበህ ስታበቃ ሟች በጓሮ በር ቢገባ ደስታ ብቻ አይሰማህም፤ ቁጣም አለበት። በዚህ በኩል «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ ያደረገው ለዘላለም የሚጠቀስ ነው። ቦቢ ዩዊንግ የተባለውን ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ገደሉት፤ በ1986 ተመልካች ስለፈለገው ገላውን ሲታጠብ አሳዩትና መካከል ላይ ያለፈው ዓመት ታሪክ በሙሉ የሚስቱ ሕልም ነበር አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ የተለቀሰው ለቅሶ፣ የታየው መከራ፣ ሁሉም ተሰረዘ። ይህ ሰውን ማስነሣት ሳይሆን አልቃሹን መካድ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ኧረ ተዉ! ዘንዶ የሚበርበትን አገር ተቀብላችሁ ሙት ሲነሣ ትንቀጠቀጣላችሁ? የምናብ ዓለም የራሱ ሕግ አለው።» ይህም እውነትነት አለው። ችግሩ ግን የምናብ ዓለም ሕግ አለው ስንል ሕጉ ይከበር ማለታችን መሆኑ ነው። ዘንዶ ይበር፤ ነገር ግን ዛሬ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ነገ ያለ ምክንያት ውሃ ቢተፋ ማን ያምነዋል? ስለዚህ ጥያቄው «ሙት ይነሣል ወይስ አይነሣም» አይደለም። ጥያቄው «ሲነሣ ማን ምን ይከፍላል» የሚለው ነው። ክፍያ ካለ ሞት ክብሩን አላጣም፤ ክፍያ ከሌለ ሞት መጫወቻ ሆነ ማለት ነው።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ክፍያውን በደንብ የሚያሳይ ሌላ ሰው አለ፤ ቤሪክ ዶንዳሪዮን ይባላል። ቶሮስ የተባለው ካህን ስድስት ጊዜ ከሞት አስነሥቶታል። ቤሪክ ግን በእያንዳንዱ ትንሣኤ ከራሱ እየጎደለ እንደሚመለስ ይናገራል። ሰውነቱ የቁስል ካርታ ሆኗል፤ ለምን እንደሚነሣም አያውቅም። በመጻሕፍቱ ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ። የኔድ ሚስት ኬትሊን በሠርግ ቤት ከታረደች በኋላ ቤሪክ የመጨረሻ ሕይወቱን ሰጥቶ ያስነሣታል። የተነሣችው ግን ያቺ እናት አይደለችም፤ ጉሮሮዋ እንደ ተቆረጠ፣ ድምጿ እንደ ጠፋ፣ ያገኘችውን የምታሰቅል በቀል ብቻ ናት። የፊልሙ ሠሪዎች ይህን ትተውታል። ማርቲን ግን ሊነግረን የፈለገ የሚመስለን ነገር ግልጽ ነው፦ የምትወደውን ሰው መልስልኝ ብለህ ስትለምን፣ የሚመለስልህ የናፍቆትህ ሰው ላይሆን ይችላል።

«ባፊ» በተባለውም ድራማ እ.ኤ.አ. በ2001 የሞተችውን ልጅ ጓደኞቿ በአስማት መለሷት። በሲኦል ትሰቃያለች ብለው አስበው ነበር። እሷ ግን ሰላም ውስጥ ነበረች፤ ከሰላሟ ጎትተው አወጧት፤ ይህንንም ለረጅም ጊዜ ሳትነግራቸው ተሸክማ ኖረች። እዚህ ላይ አዲስ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይመጣል፤ ሟቹን ማን ጠየቀው? ሙት ማንሣት ብዙ ጊዜ ለሟች ተብሎ የሚደረግ ይመስላል፤ የሚደረገው ግን ለቀሪው ነው።

ጆን ስኖውስ ምን ከፈለ? ብዙ ሰው ምንም አልከፈለም ይላል። እኛ ግን አንድ ነገር እናያለን። የግንቡ ጠባቂዎች መሐላ እስከ ሞት ድረስ የሚጸና ነው። ጆን ሞተ፤ እንግዲህ መሐላው አለቀ። ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው የገደሉትን ሰዎች መስቀል ነው፤ ከመካከላቸውም አንዱ ገና ልጅ ነበር። ከዚያ ካባውን አውልቆ ለጓደኛው ሰጥቶ «ተረኛነቴ አብቅቷል» ብሎ ሄደ። ሕጉን በሕጉ ፈታው ማለት ነው። ብልህነት ነው እንበል ወይስ ማምለጫ? ልጁን ሲሰቅል ያየነው ፊቱ ግን የአምላጭ ፊት አልነበረም። ክፍያው ምናልባት ያ ነበር፤ ለገዳዮቹ ይቅርታ ማድረግ የሚችለውን ጆንን በረዶው ላይ ትቶት ተነሣ።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ሲገድሉት ስንቱ አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ አልቅሷል! እንዲነሣ ያልተመኘ የለም። ደራሲው ግን አላስነሡትም፤ ርዕሱም አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ሆኖም ሌላ ዓይነት ትንሣኤ ሆነ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ያላነበበ ገበሬ፣ ፊደል ያልቆጠረች እናት ሳይቀሩ በዛብህን በድምፅ አገኙት። ዛሬ ወጋየሁም የለም። ቅጂው ሲከፈት ግን የሞተው ተራኪ የሞተውን ሰው ያናግረናል። ይህ ትንሣኤ ማንንም አልካደም፤ በዛብህ በመጨረሻው ክፍል እንደገና ይሞታል፤ እኛም እንደገና እናለቅሳለን። ሙትን የማክበሪያው መንገድ አንዱ ይህ ይመስለናል፤ ሞቱን ሳይሰርዙ ታሪኩን መመለስ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ስሙ እንሻገር።

በዚያው ፊልም ውስጥ ሆዶር የሚባል ግዙፍ ሰው አለ። አፉን ሲከፍት የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሆዶር»። ስሙም ንግግሩም ያ ነው። አምስት ምዕራፍ ሙሉ ሳቅንበት። በየካምፓሱ ብዙ የማይናገረውን ልጅ ሁሉ «ሆዶር» ስንል ከረምን። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በስድስተኛው ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል ምስጢሩ ወጣ። ሰውየው በልጅነቱ ዊሊስ ይባል ነበር፤ እንደ ልጅ ሁሉ ይናገር ነበር። ብራን የተባለው ጌታው በራእይ ወደ ኋላ ዘመን ተመልሶ ሲያየው፣ የወደፊቱ ትእዛዝ በልጁ አእምሮ ላይ ወረደ፤ «በሩን ያዝ!» የሚል። ልጁ መሬት ላይ ወድቆ እየተንቀጠቀጠ ትእዛዙን ደጋገመው፤ ቃሉ እየተሸራረፈ፣ እየተጣበቀ በእንግሊዝኛው «ሆዶር» ሆኖ ቀረ። በአማርኛ እንሞክረው ብንል «በሩን ያዝ፣ በሩንያዝ፣ ብሩያዝ፣ ብራዝ» እንደማለት ነው። ከዚያም ትልቅ ሰው ሆኖ በዚያች ዋሻ በር ላይ ሙታኑን በጀርባው አግዶ፣ ሌሎች እንዲያመልጡ በሩን እንደያዘ ሞተ።

ምን ይዋጠን? የሳቅንበት ስም የሰውየው የሞቱ ትእዛዝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራ የኖረው በመሞቻው ነው። በልጅነቱ የጠፋው አእምሮው ገና ላልመጣ ውለታ በቅድሚያ የተከፈለ ዋጋ ነበር። እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ጌታው አልጠየቀውም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ሳቅ ነበር የእኛ ድርሻ።

አንድ ሌላም አለ፤ ጄሚ ላኒስተር። «ንጉሥ ገዳይ» ይሉታል፤ ሲያልፍ ይተፉበታል። ጠባቂው ሆኖ ሳለ ንጉሡን ከኋላ ወግቶ ገድሏልና። በሦስተኛው ምዕራፍ፣ አንድ እጁን አጥቶ በትኩሳት እየነደደ፣ ብሪየን ለምትባለው ሴት ወታደር እውነቱን ያወጣዋል፤ ያበደው ንጉሥ ከተማውን ከነሕዝቡ እንዲያቃጥሉ አዝዞ ነበር፤ ጄሚ የገደለው ያን ለማስቀረት ነው። ያዳነው ከተማ ሕዝብ ነው እንግዲህ ይህን ስም የሰጠው። ጄሚን ንጹሕ ነው አንልም፤ ሌላ ብዙ ኃጢአት አለበት። የተሰደበው ግን በኃጢአቱ አልነበረም፤ በበጎ ሥራው ነበር።

ይህን ስንል የኛው ጉዱ ካሳ ትዝ ሊላችሁ ይገባል። ሰውየው ካሳ ዳምጤ ነው። የተማረ፣ የመሳፍንቱን ግፍና የልማዱን ከንቱነት ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው። አገሩ «ጉዱ» አለው። ለምን? እብድ ነው ካሉት ንግግሩን መመለስ አያስፈልግማ! ቅጽል ስም አንዳንዴ ክርክር መሸሺያ ነው። ጉዱ ካሳ የተናገረውን ማፍረስ ያቃተው ሰው ስሙን ያፈርሳል። ከመጽሐፉ ስንወጣ ግን «ጉድ» የሆነው ካሳ ሳይሆን ስሙን ያወጣለት ኅብረተሰብ መሆኑን እናያለን። ስለዚህ ቅጽል ስም መስተዋት ነው፤ ከተሰየመው ይልቅ ሰያሚውን ያሳያል።

ከልብ ወለድ ወጥተን ወደ ታሪክ ብንገባ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ያገራችን መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባላሉ። አልቃሽም ስትነሣ በፈረስ ስማቸው ነው የምታነሣቸው። ስሙ ሰውየውን ተሻግሮ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት የራስ መኮንንን አባ ቃኘውን እንከተል። መጀመሪያ ፈረስ ነበር፤ ከዚያ የጌታው መጠሪያ ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር «ቃኘው ሻለቃ» ተባለበት፤ ኋላም አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ሰፈር «ቃኘው» ተባለ። የፈረስ ስም ሬዲዮ ጣቢያ ሆነ! ፈረሱም፣ ጌታውም፣ ሰፈሩም ዛሬ የሉም፤ ስሙ ግን አለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው በትክክል ይኸው ነው።

ነገር ግን አንድ ስም ለሁሉም ጆሮ አንድ አይደለም። አባ ዳኘው ለአንዱ ፈራጅ ነው፤ አድዋ ነው። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታ ሲገባ ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ከብቱ ለተነዳበት፣ ልጁ ለተማረከበት ሰውስ? የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ቆስሎ ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ሲወሰድ ከኋላው የቀረው ሕዝብ ያንን ስም በምን ዜማ እንደሰማው መገመት አያቅትም። ሁለቱም ታሪክ ነው። አንዱን ጆሮ ብቻ ይዞ ስምን ማንሣት ግን ግማሽ ሙት ማንሣት ነው።

ይህ በቴዎድሮስም ደርሷል። «ፍካሬ ኢየሱስ» ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል ብሎ ነበርና የቋራው ካሳ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ያንን ስም ወሰደ። ጠላቶቹ ደግሞ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሉት ነበር። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ስም ተጫነ፤ አንዱ ከትንቢት የመጣ፣ አንዱ ከገበያ የመጣ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ከገደለ በኋላ ደራሲዎቻችን ደጋግመው አስነሥተውታል፤ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመድረክ። ይገባዋልም። ዳሩ ግን እኛ ተማሪዎች ቴዎድሮስን በፖስተርና በቲሸርት ስናስነሣው አንድነት አላሚውን ብቻ እናስነሣለን፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለውን መቃብር ውስጥ እንተወዋለን። ኬትሊን በቀሏን ብቻ ይዛ ተነሣች፤ እኛ ደግሞ ሰውየውን ክብሩን ብቻ አሸክመን እናስነሣለን። ሁለቱም ሙሉ ሰው አይደሉም።

ስም በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሕዝብም ላይ ይለጠፋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አገራችን በመዝገብ፣ በካርታና በመማሪያ መጽሐፍ «ወላሞ» ነበር። ሕዝቡ ራሱን ወላይታ ይላል፤ ውጭ ያለው ግን ወላሞ ይለዋል፤ ቃሉም ከንቀት ጋር ይመጣ ነበር። አያቶቻችን በትምህርት ቤት በዚያ ስም ተጠሩ፤ በዚያ ስም ተመዘገቡ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው ወላይታ የሚለው ስም በጽሑፍ ቦታውን ያገኘው። ደግሞ በ1991 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን የመጀመሪያ ፊደላት ቀጣጥለው «ወጋጎዳ» የሚል የቋንቋ ስም ፈጠሩና የመማሪያ መጽሐፍ በዚያ ታተመ። በቢሮ የተወለደ፣ እናት የሌለው ስም ነበር። ተማሪና አስተማሪ «አይሆንም» ብሎ ሶዶ ላይ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ስለ ስም ማውራት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ካለ ይህን ያስታውስ። ከእኛ ቀደም ሲሉ በእነዚሁ መንገዶች የሄዱ ተማሪዎች ስለ አንድ ስም ደም ከፍለዋል።

በአንጻሩ ደግሞ ሰው ወድዶ የሚሸከመው ቅጽል ስም አለ። የወላይታ ዲቻ እግር ኳስ ቡድን «የጦና ንቦች» ይባላል። በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብጹን ዛማሌክ በመለያ ምት ሲያሰናብት፣ ቆስሎ የተማረከው ንጉሥ ስም በሬዲዮና በቴሌቪዥን አገር ምድሩን ሞላው። ሶዶ ላይ ሐውልት አለው፤ ሐውልቱ ግን አይጮኽም። ኳስ ሜዳው ላይ ጦና ተነሣ ብንል ግነት አይሆንብንም። ይህ ትንሣኤ ማንንም አልገደለም፤ ሽንፈቱንም አልሰረዘም። ንብ የተባለውም ልጅ ስሙን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል እንጂ አንገቱን አይደፋም።

እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙበት ቦታ ደርሰናል። ሙት ማንሣት የሞተውን ሰው ለቀሪው ጥቅም መጠቀም ሊሆን ይችላል። ስም ማውጣት ደግሞ በሕይወት ያለውን ሰው ለቀሪው ሳቅ መቅበር ሊሆን ይችላል። ዊሊስ የሚባል ልጅ «ሆዶር» በሚል ስም ሥር በቁሙ ተቀበረ። ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» በሚል ስም ሥር በቁሙ ተቀበረ። በሁለቱም ወገን መመዘኛው አንድ ነው፤ ማን ከፈለ፣ ማንስ ተጠየቀ?

ይህ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በየመኝታ ቤታችን ቅጽል ስም የሌለው የለም። አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ካፌ ውስጥ ትሪ ይዞ ይንሸራተታል፤ «ትሪው» እንደ ተባለ ይመረቃል። አንዷ ከገጠር በኮንጎ ጫማ ትመጣለች፤ ዓመት ሳይሞላ ሦስት ጫማ ትቀይራለች፤ «ኮንጎ» ግን አይቀየርም። አንዱ አማርኛው የእናቱን ቋንቋ ቃና ስለያዘ በተሳሳተባት አንዲት ቃል ይጠራል። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም። መምህሩ ዝምተኛ ነው ይላል፤ እኛ «ሆዶር» እንለዋለን። እንዲህ እያደረግን ዝም አሰኝተን ዝምተኛ ነው እንላለን።

«ጨዋታ ነው፤ ያለ ቅጽል ስም ጓደኝነት የለም» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። የቁልምጫ ስም የሌለው ፍቅር ደረቅ ነው፤ አያቶቻችን በፈረስ ስም የተጠራሩት ለክብር ነው። እኛም ቅጽል ስም ይጥፋ አላልንም። ጨዋታን ከግፍ የሚለየው ግን ሁለቱም ወገን ሊያስቀምጡት መቻላቸው ነው። ኳስ ሲደክምህ ታቆማለህ። ስምህን ግን አንተ ልታቆመው አትችልም፤ በሌሎች አፍ ነው ያለው። ስለዚህ ሸክሙ የሚወድቀው በሰያሚው ላይ ነው።

በበኩላችን አንድ ልማድ እንዲለመድ እናሳስባለን። ቅጽል ስም ስንሰማ ከመሳቃችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ማን አወጣው? ከየት መጣ? ሲጠራበት ፊቱ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ጥያቄ ሰያሚውን ያጋልጣል። ሁለተኛው የተቀበረውን ታሪክ ያወጣል፤ ምናልባትም ከትሪው ጀርባ ቁርሱን ሳይበላ ሁለት ቀን የዋለ ልጅ እናገኝ ይሆናል። ሦስተኛው መልስ ለማግኘት ምንም ምርምር አያስፈልገውም፤ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

ጆን ስኖውን ያስነሣች አስማተኛ እኛ ዘንድ የለችም። ለበዛብህ የምናደርግለት ታሪኩን ማንበብ ነው፤ ለጦናም በስሙ መጮኽ ነው፤ ከዚያ አናልፍም። ሙታኖቻችንን በሙሉ ታሪካቸው፣ ከነቁስላቸውና ከነጥፋታቸው እናንሣቸው፤ ከዚያ በላይ ሥልጣን አልተሰጠንም። በቁሙ የተቀበረውን ግን ማውጣት እንችላለን፤ ለዚህ አስማት አያስፈልግም። ከፎቁ አልጋ ላይ የተኛው ልጅ እናቱ ያወጣችለት ስም አለው። ዛሬ ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት በዚያ ስም እንጥራውና ቀና ይል እንደሆነ እንይ።